ሲያትል ድረስ የተሸከምኩት የእንግሊዞች ፍርሃት

እንግሊዞች አሜሪካኖችን ይንቋቸዋል ወይስ ይፈሯቸዋል? እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ይህን ስጽፍም መልሱን አላገኘሁትም። ስሜታቸውን ግን ሳልመረምር ይዤው ተጉዣለሁ።

ሊድስ፣ እንግሊዝ፣ ጎህ ሲቀድ

ታክሲው በር ላይ ቆሟል። ያካፋል። በጎልማሳነቴ የማታ ትምህርት ጨርሼ በተቀጠርኩበት ቤተ መጻሕፍት አብራኝ የምትሠራው እንግሊዛዊቷ ጂን ትናንት ሻይ እየቀዳች መክራኛለች።

«ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት፤ አትደንግጪ። ደህና ነሽ ወይ ይሉሻል፤ መልሱን ግን አይጠብቁም። ደግሞ እዚያ እንዳትታመሚ፤ አልጋ ሳትይዢ ለሕክምናው ቤትሽን ያሸጡሻል።»

ሳቀች። የገዛ ልጇ ግን አሜሪካ ሄዶ ለመኖር አመልክቷል።

ቱክዊላ፣ ሲያትል አጠገብ፣ ከሰዓት

አውሮፕላኑ ላይ መቀመጫዬ መስኮቱ ጋ ነበር። ከጎኔ የተኙትን ሰዎች ላለማስቸገር ያን ሁሉ ሰማይ አንዴም ሳልነሳ አቋረጥኩት። ስወርድ ግራ ባቴ ጠጥሯል። ታናሽ እህቴ ሰናይት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ ምነው ታነክሻለሽ?»

«መቀመጥ ነው።»

መንገዱ መጋዘን፣ የጭነት መኪና፣ የገበያ አዳራሽ፣ እንደገና መጋዘን። ሰናይት የገዛችውን ቤት አሳየችኝ፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። የጂን ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ብታመም የሚሸጠው ይሄ ነው።

ቱክዊላ፣ በማግስቱ

ባቴ አብጧል፣ ይግላል። እንዲህ ሲያብጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ እንደሚችል አንብቤአለሁ። ምነው ባላነበብኩ እላለሁ። እንዳይታይ ረጅም ቀሚስ ለበስኩ።

«እንዴት አደርሽ?» አለችኝ ሰናይት፣ የመኪና ቁልፏን እየፈለገች።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሶ፣ ደህና ነሽ? ሥራ ልቅር?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ፤ ሂጂ።»

ደህና ነኝ ማለትን እናቴ በአማርኛ አስተማረችኝ፤ ሊድስ ደግሞ በእንግሊዝኛ አጠናቀቀችልኝ።

ኦቴሎ፣ የሲያትል ሰፈር፣ የዚያኑ ቀን

አስፕሪን በድብቅ ልገዛ በባቡር ወጣሁ። የሐበሻ ሱቆች፣ የቬትናሞች ምግብ ቤት፣ የሳንቡሳ ሽታ። ባለሱቁ «እናቴ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም፤ አረፍ በይ» ቢለኝ ፈገግ ብዬ ወጣሁ።

ባቡር መጠበቂያው ላይ ትንፋሽ አጠረኝ። አግዳሚ ወንበሩን ጨብጬ ተቀመጥኩ። አንዲት ወፍራም አሜሪካዊት የሚታጠብ ልብስ የሞላ ከረጢቷን ተሸክማ በፊቴ ስታልፍ፣ ልክ ጂን እንዳለችው፣ ጮክ ብላ «ደህና ነሽ ወይ፣ ማሬ?» አለችኝ።

መልሱን እንደማትጠብቅ እርግጠኛ ነበርኩ። የማይሰማኝ ሰው ስለሆነች መንገር አላስፈራኝም።

«ደህና አይደለሁም» አልኳት። «እግሬ አብጧል። አሁን ደግሞ ትንፋሼ እምቢ አለኝ። እህቴ አታውቅም።»

ባቡሩ መጣ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ ባቡሩም ሄደ። ሴትየዋ ከረጢቷን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች፣ አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን እያወጣች፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ።