ኡ ታ ዶ ምያን የተቆጣ ቀን

ኡ ታ ዶ በበርማ የቲክ ዛፍ ጫካ ከዝሆኑ ከምያ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ግንድ ጎትቷል። እሱም አርጅቷል፣ እሷም አርጅታለች። ማታ ማታ ጫካ ይለቃታል፤ ጠዋት በአንገቷ ቃጭል ድምፅ ያገኛታል። ነጂ ሁሉ የዝሆኑን ቃጭል ከእንጨት የሚጠርበው ራሱ ስለሆነ፣ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም።

"እኔ ብጠፋስ በምን ታገኘኛለህ?" ትለዋለች ሚስቱ ዶ ንዌ።

"አንቺ ደግሞ መቼ ዝም ብለሽ ነው የምትጠፊው!"

የጫካው ሥራ አለቃ ሰዉ ሁሉ "ታኪን"፣ ጌታዬ፣ የሚለው ወጣት እንግሊዛዊ ነው። እሱ ታዲያ ያረጁት ዝሆኖች ለሩቅ አገር ነጋዴ ይሸጡ ብሎ አዘዘ። ምያ ከሄደች መለያየታቸው ነው። ኡ ታ ዶ ጨነቀው፤ ቃጭሏን በጭቃ ደፈነና ከጅረቱ ማዶ ሸሸጋት።

በማግስቱ ታኪን ለቆጠራ መጣ።

"ጠፍታብኛለች፣ ታኪን።"

"ጥራታ!"

እንደ ወትሮው ቢጠራት ከተፍ ትላለች። የታኪን በርማኛ ደግሞ ለትእዛዝ እንጂ ለስድብ አይበቃም። ሽማግሌው ይህን አስቦ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸ፦

"አንቺ የማትረቢ! ጥፊ ከዚህ! ዓይንሽን እንዳላይ!"

ተሳሳተ። ምያን በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቀን እንኳን ተቆጥቷት አያውቅም። ቀርከሃውን እየሰባበረች መጣችና ኩምቢዋን ፊቱ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ጉልበቱ ላይ እያሳለፈች አሸተተችው። የታመመ መስሏት ነበር። ኡ ታ ዶ አንገቷ ሥር ተሸጉጦ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ታኪን ከቃጭሉ ጭቃውን በጣቱ ዛቅ አድርጎ አየ። አልተቆጣም፤ ትእዛዙን ግን አላነሳም።

ኡ ታ ዶ እግሩን እየጎተተ ቤቱ ሲደርስ፣ ዶ ንዌ ድስቱንና ምንጣፉን አስራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች።

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"ጩኸትህ እስከዚህ ተሰምቷል። ያ ነጋዴ ዝሆን ሲገዛ ነጂ አይፈልግም?"

"ቤቱስ? የተከልሽው ማንጎስ?"

"ማንጎውን ዝንጀሮ ይብላው። እኔ ያለ እሷ ብቻዬን አንተን አልችልህም። ተነስ!"