ምድር ስንት ዓመቷ ነው?

ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ጭቃው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጅቡቲ የኖረ ያውቀዋል፣ ያልኖረ ደግሞ አንድ ሺህ ዓሣዎች ካልሲያቸውን በአንድ ባልዲ ዘፍዝፈው ለሳምንት ረስተውት ሄዱ ብሎ ቢያስብ ብዙ አይሳሳትም። ይህ ሽታ ዛሬም ነፋሱ ዞሮ በመስኮቴ ሲገባ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል፣ እኔ ግን እናደዳለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፎ፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር እየተሳደበ፣ ንዴቴ ብቻ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ቀርቷል።

ያደግሁት ካርቲየ 3 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር፣ ከላይ ጣውላና ቆርቆሮ፣ ከታች ግን ከባሕር በተቆረጠ ድንጋይ በተሠራ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ያ ድንጋይ ቀርበው ሲያዩት ዛጎሉ፣ ቅርንጫፉ፣ ኮከብ የሚመስለው ቀዳዳው ሁሉ ዳቦ ውስጥ እንደገባ ዘቢብ ተሰግስጎበት ነበር። አልጋዬ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ስለነበር ዛጎሎቹን በጣቴ እየዳበስኩ እተኛ ነበር። አባባን እንዴት እዚህ እንደገቡ ስጠይቀው «የኖኅ ውሃ ያመጣቸው ናቸዋ» ይለኝ ነበር፤ እኔም አምኜው፣ ያ ሁሉ ውሃ ካርቲየ 3 ድረስ መጥቶ አንድ ቀን እንኳ ቧንቧችን ውስጥ ሳይገባ መቅረቱ ብቻ ይገርመኝ ነበር።

አባባ፣ ሰው ጋሽ በላቸው የሚለው፣ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ያወርድ ነበር። በልጅነቱ ግን ቤተ ክህነት ተምሮ ስለነበር ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የዘመኑንና የአጽዋማቱን ሒሳብ፣ ያለ ወረቀት በጣቶቹ አንጓ ይቀምር ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ ድምፁ ያማረ ሰው ነበር፣ ሒሳቡ ግን እንደ ጅቡቲ ዝናብ ነው፣ ሲመጣ ራሱም ይደነግጣል። ስለዚህ በየመስከረሙ ያ ሻንጣ አውራጅ ነጠላውን አጣፍቶ መድረኩ ላይ ወጥቶ በሕዝቡ ፊት ይቆምና፣ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት አምስት ሺህ አምስት መቶ ዘመን፣ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሮ፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካው መቼ እንደሚውል ያውጅ ነበር። በዓመት ለአንድ ቀን ቁመቱ በሁለት ሜትር ይጨምር ነበር። እኔም ዋናዋ ተማሪው ነበርኩ።

ጥቅምት ላይ ሙቀቱ ተንፈስ ሲል፣ ፍየሎቹ እንኳ ከጥላ ወጥተው ካርቶናቸውን በወግ መብላት ሲጀምሩ፣ ትምህርቱም ይጠነክር ነበር። በዚያ ዓመት ሳይንስ የሚያስተምረን ፈረንሳይ አገር ተምሮ ገና የተመለሰ የአገሬው ልጅ ነበር፤ ሰይጣን ራሱ ሸሚዙን በሚያወልቅበት ሙቀት ከረባት ያስር ነበር። አንድ ቀን ምድር ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀ። ልጆቹ ሁሉ ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። እኔ ግን የጋሽ በላቸው ልጅ ነኝና ብድግ ብዬ፣ ጣቶቼን ቆጥሬ፣ ሰባት ሺህ አራት መቶ ስንት እንደሆነች ሳልሳሳት ተናገርኩ፤ ያነሰ እንዳይመስልብኝም ዘመኑ ዘመነ ሉቃስ መሆኑን ጨመርኩበት።

መምህሩ ሰሌዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ እንባውን በከረባቱ ጠረገ፣ ከዚያም በኖኅ ስም «ማዳም ኖኤ» ብሎ ሰየመኝ። ክፍሉ በሙሉ አብሮት ሳቀ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ግማሾቹ አባቶቻቸው ቁርአን የሚያስተምሩ፣ አዳምን ከእኔ እኩል የሚያውቁ ልጆች ነበሩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሆዳን ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ «ዋላሂ፣ እኔም ያንን ያህል ነው የምገምተው፤ ግን አንቺ ምን አቅብጦሽ አፍሽን ከፈትሽ?» አለችኝ።

ሳቁን ሲጨርስ ቁጥሩን ጻፈ፦ አራት ሺህ አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት። ዜሮዎቹ ሰሌዳው አልበቃ ብሏቸው በመስኮት ወጥተው አምቡሊ የደረሱ መሰለኝ። ቀጥሎ ያስተማረው ግን፣ ጠላቴም ቢሆን ሐቁን ልናገር፣ ድንቅ ነበር። የቤቶቻችን ድንጋይ ከኑግ ፍሬ የማይበልጡ የባሕር ፍጥረታት አንዱ በሌላው ላይ እየሞቱ፣ በዓመት የጥፍር ወርድ ያህል እየጨመሩ የሠሩት ነው አለ። ቤቴ ሮጬ ገብቼ ግድግዳውን በአውራ ጣቴ መለካት ጀመርኩ። የአባባ ቁጥር አልበቃ አለኝ። አልፈራሁም ግን። እግዚአብሔር ይህን ያህል የማይቸኩል መሆኑን ማንም ነግሮኝ ስለማያውቅ ደስ ብሎኝ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ዐርብ ዐርብ ሥራ ዝግ ስለሆነ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተሰብስበን እንማር ነበር፤ በአንዱ ዐርብ መሪጌታው ወላጆች ባሉበት ሊፈትነን ተነሣና እኔን መርጦ «ከፍጥረት እስከ ዛሬ ስንት ዘመን ነው?» አለኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ግን በዚያኛው ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በዚሁ የአባባ መልስ ስቀውብኛል፤ እኔ ደግሞ ተምሬያለሁ! ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ «አራት ሺህ አምስት መቶ ሚሊዮን» አልኩ፣ «እግዚአብሔር አይቸኩልም» ብዬም ጨመርኩ።

እዚህኛው ቤት ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። መሪጌታው እኔን ትቶ ወደ አባባ ዞረ። «አቶ በላቸው፣ በመስከረም እዚህ ቆመህ ዘመን የምታውጅልን አንተ ነህ። ቤትህ ውስጥ ለካ ሌላ ዘመን ይታወጃል። ወይ ልጅቱን ከዚያ ትምህርት ቤት አውጣ፣ ወይ ከእንግዲህ እዚህ አትቆምም።» አርባ ኪሎ ሻንጣ በአንድ ትከሻ ተሸክሞ የማይጎብጠው አባቴ አንገቱን ደፋ። ያን ቀንም የባሕሩ ጭቃ ሽታ ግቢውን ሞልቶት ነበር፤ ያንን አንገት ሳስታውስ ዛሬም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። መሪጌታው የፈራው ለእግዚአብሔር አልነበረም፤ ያስቀናው የአባባ ሒሳብ ነበር፣ እኔ ደግሞ ሰበቡን በደረቴ ነፍቼ ሰጠሁት።

አባባ በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስቀረኝ። እማዬ ፈረንሳዮች ቤት አዳሪ ሠራተኛ ስለነበረች የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነበር፤ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ ሰማች። እሱ «አንድ ዓመት ብቻ ትረፍ፣ እስኪረሱት» አለ። እሷ ደግሞ እንዲህ አለችው፦ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ዓመት ቤት የተቀመጠች ልጅ በሁለተኛው የት እንደምትገባ ጠፍቶህ ነው? ከእኔ ጎን የማዳሟን ሽንት ቤት ልታጥብ! ስለ ምድር ዕድሜ ስትጣሉ የዚህችን ዕድሜ ማን ይቁጠርላት?» ዝም ማለት ሥራ ቢሆን ኖሮ አባቴ ሚኒስትር ይሆን ነበር።

ሰኔ ላይ ካምሲን የሚባለው የእሳት ነፋስ ተነሣ፤ በዚያ ወር ጅቡቲ ውስጥ እንቁላል ከዶሮዋ ተቀቅሎ ነው የሚወጣው። የዓመቱ ፈተና ያለ እኔ አለፈ። ሆዳን ማለፏን ልትነግረኝ መጣችና፣ ልትደሰት ፈርታ በሩ ላይ ቆማ «ናያ፣ አንቺ፣ ወንበርሽ ላይ ማንንም አላስቀመጥኩም እኮ» አለችኝ። እሷ ስትሄድ መዶሻና ሚስማር አነሣሁና ከአልጋዬ በላይ ያለውን ግድግዳ መምታት ጀመርኩ፤ የጭንቅላቴን ያህል ድንጋይ ገንጥዬም አባባ ከሥራ ሲገባ እግሩ ሥር ወረወርኩት። «መቁጠር ታውቅ የለ? ቁጠረው!» አልኩ። በሕይወቴ የጮኽኩበት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥፊ ጠብቄ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው አባባ መሬት ላይ ተቀምጦ መነጽሩን አድርጎ ድንጋዩን ወደ ብርሃን አዙሮታል። የተደራረቡትን መስመሮች በመርፌ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። በማግስቱም ከሥራ መጥቶ ቆጠረ፣ ሳምንቱንም ቆጠረ፣ ከድንጋዩ ወደ ግድግዳው ተሻገረ። አንድ ማታ መርፌውን አስቀምጦ፣

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻውን ነበር ማለት ነው?» አለኝ።

«ማን?»

«እግዚአብሔር ነዋ። ያን ሁሉ ሲሠራ፣ እሰይ የሚለው አንድ ሰው እንኳ ሳይኖር።»

መስከረም ሲጠባ አባባ ነጠላውን አጣፍቶ እንደ ልማዱ ቆመ። አባባ ቃሉን ተቀብሎ እኔን ቤት ስላስቀመጠ መሪጌታው ደስ ብሎት ነበር። ዘመኑን፣ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፋሲካን ሳያዛንፍ አወጀ። ከዚያ መውረድ ሲገባው አልወረደም። «እኔ የተማርኩት መቁጠር ነው፣ ልጄም የተማረችው መቁጠር ነው» አለ። «የሚበልጠውን ቁጥር ፈጣሪው ያውቃል። ቅዳሜ ትምህርት ቤት ትመለሳለች።» መሪጌታው «እንግዲያው ውረድ» አለው። አባባም ወረደ። ከሕዝቡ ኋላ፣ ጫማዎቹ ከሚወልቁበት በር አጠገብ ሄዶ ቆመ።

እኔም ቅዳሜ ክፍል ስገባ፣ ከእኔ የሚያንሱ ልጆች መካከል ስቀመጥ፣ ባለ ከረባቱ «ማዳም ኖኤ ተመለሰች!» ብሎ አሳቀብኝ። ያ ሰውዬ እዚያ ወንበር ላይ እንድቀመጥ ማን ከየት እንደወረደ አንድም ቀን አልጠየቀም። ለዚህ ነው እሱንና መሪጌታውን እኩል የምጠላቸው። ከእግዚአብሔር ጋር ጠብ የለኝም፣ ከምድርም ዕድሜ ጋር የለኝም፤ ጠቤ መካከላቸው በር ሠርተው ቲኬት ከሚቆርጡት ጋር ነው። አባባ ላይም እናደድ ነበር፣ ለምን አልጮኸም እያልኩ። ዘመኑን የሚናገር ካላንደር ከአዲስ አበባ ታትሞ መምጣት ጀመረ፤ እሱም እስኪሞት ድረስ በየመስከረሙ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ካላንደሩ ሲነበብ ጣቶቹ ኪሱ ውስጥ ቀድመው ሲቆጥሩ አይ ነበር።

ዛሬ ጋቦዴ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው፣ ልጄም አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት ጾም መቼ እንደሚገባ ስልኳን ጠየቀችው፣ ወዲያው ደግሞ ምድር ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቀችው። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ መለሰላት፤ አልሳቀባትም፣ አላባረራትም፤ እሷም እሺ ብላ ወደ ዘፈኗ ተመለሰች። ያኔ መልስ ብርቅ ነበር፣ ለመልሱም እንሰደብ ነበር። ዛሬ መልሱ እንደ አሸዋ ነው፣ የሚሳደብም የለም፣ ይህ መልካም ነው፣ እቀበለዋለሁ። ብቻ ልጄ መልሱን ሰምታ ስልኩን ስታስቀምጥ ሳያት፣ ለዚያ ጥያቄ ሲል ከቆመበት የወረደ ሰው እንደነበረ ልነግራት አስባለሁ፤ ከዚያ ዘፈኑ ይጀምራል፣ ሳልነግራትም እቀራለሁ።