የአባቴ የሐምሌ ምሳ

ባለፈው እሑድ የአባቴን ሙት ዓመት ዘክረን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጎረቤቶች ጅቡቲ፣ ሃያብለ ሰፈር ያለው ቤታችን ተሰበሰቡ። ወሬው እንደተለመደው ወደ ባሎች ዞረ። አንዷ ባሏ እንቁላል መጥበስ እንኳ እንደማይችል ስታማርር እናቴ ሳቅ አለችና፣ «የኔው በያጅ እኮ ባለሙያ ነበር። እኛ ሐረር ስንከርም ዓሣውንም ሩዙንም ራሱ እየሠራ ነው የሚበላ» አለች። ሴቶቹ አደነቁ። እኔ ሳህኖቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ።

አባቴ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ትንሽ የብረታ ብረት ሱቅ ነበረው። በር፣ መስኮት፣ የአጥር ፍርግርግ ይሠራል። ጅቡቲ ሙቀቱ የሚጠናው አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት ጊዜ ነው። ነፋሱ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ እጅ ያቃጥላል። አቅም ያለው ቤተሰቡን ወደ ደጋ ይልካል። የሀብታሞቹ ሰፈር የሀራሙስ ባለ ቪላዎችም ለእረፍት ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ግን በሩ ተሠርቶ እንዲጠብቃቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ የአባቴ ሥራ የሚበዛው ሰው ሁሉ ከተማውን በሚሸሽበት ወቅት ነበር። ሰኔ ሲገባ እናቴን፣ እኔንና አስም ያለበትን ታናሽ ወንድሜን አሳፍሮ ሐረር አክስቴ ቤት ይልከናል። እሱ ይቀራል። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይደውልና ምን እንደሠራ ለእናቴ ይነግራታል፤ እሷም ጨው አበዛህ፣ ሽንኩርቱን አሳረርከው እያለች ትቀልድበታለች።

ሁለተኛ ደረጃን በጨረስኩበት ዓመት ሒሳብ ወደቅሁ። ድጋሚ ፈተናው ሐምሌ ላይ ስለነበር እናቴና ወንድሜ ሲሄዱ እኔ ከአባቴ ጋር ሦስት ሳምንት ቀረሁ። ረፋድ ላይ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር በወረቀት አስጠቅልሎ ከምግብ ቤት ያመጣልኛል። ደብተሬ አጠገብ ያስቀምጥና «እኔ ሱቅ እበላለሁ» ብሎ ይመለሳል። ምን እንደሚበላ አላውቅም ነበር ማለት ይቀለኛል፤ አልጠየቅሁም ማለት ግን ትክክሉ ነው።

አንድ ቀን የፈተናው ቀን መለወጡን ሰማሁና ልነግረው ሄድኩ። ቀትር ነበር፤ ሱቆቹ ሁሉ እስከ አሥር ሰዓት ተዘግተው መንገዱ ላይ ሰው አይታይም። የእሱ በር ብቻ ገርበብ ብሏል። አባቴ እርጥብ ፎጣ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ሣጥን ላይ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዟል፤ በሌላው ደረቅ ዳቦ ሻይ ውስጥ ይነክራል።

«ዛሬ ዓሣውን በሎሚ አሽቼ ነው የጠበስኩት» ይላል። አየኝ። ድምፁ አልተለወጠም። «ኧረ አላረረም። ልጅሽም ደህና ናት፣ እያጠናች ነው።»

ስልኩን ሲዘጋ እንደማፈርም እንደመሳቅም አለ።

«በዚህ ሙቀት ምግብ አይወርድልኝም» አለኝ። «ደግሞ ሥራ ጥዬ የት እመላለሳለሁ?»

ለእኔ ዓሣ ለማምጣት ግን በየቀኑ ይመላለስ ነበር።

«ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ካወቀች ከርሞ አትሄድም። እሷ ካልሄደች ወንድምሽም አይሄድም፤ ደረቱን ታውቂዋለሽ።» ከዚያ እንደ ልማዱ ቀለደብኝ። «ለነገሩ አንቺን ምን አስፈራኝ። እኔ የሠራሁት በር እንኳ ሲከፈት ይጮኻል፤ ከአንቺ እንኳን ምስጢር ሰላምታም አይወጣ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። በማግሥቱም ዓሣ አመጣልኝ። በላሁ።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በሚቀጥሉት ሁለት ክረምቶች ሐረር ሆነን ስልኩ ሲጮህ እናቴ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች፤ አባቴ ወጡን ይዘረዝራል፤ ሁላችንም እንስቃለን። እኔም እስቅ ነበር። በሦስተኛው ክረምት አንድ ቀን የምሳ ሰዓት አለፈና ስልኩ ሳይጮህ ቀረ። አመሻሽ ላይ የሱቁ ጎረቤት የሆነው ሶማሌ ልብስ ሰፊ ደወለልን። አባቴ እየበየደ ሳለ ወድቆ ሆስፒታል ገብቷል። ኩላሊቱ ነበር፤ ሐኪሙ የቆየ በሽታ ነው አለን። መስከረም ሳይጠባ ቀበርነው።

የተማርኩት ባዮሎጂ ነው፤ ዳቦና ሻይ ገደለው አልልም። ግን እናቴ ብታውቅ ኖሮ ብቻውን ትታው ትሄድ ነበር ወይስ አትሄድም? ያንን መወሰን የነበረባት እሷ ነበረች። እኔ እንዳትወስን አደረግኋት።

እሑድ ዕለት እንግዶቹ ሲበተኑ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እናቴ ድስት እያጠበች ነበር። አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፎጣውን፣ ዳቦውን፣ አባቴ ያለኝን ሁሉ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ድስቱን አጥባ ጨረሰች፣ ደፋችው፣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።

«ይህን ካየሽ በኋላ ስንት ቀን አብራችሁ ነበራችሁ?» አለችኝ።

«አሥር ቀን ያህል።»

«እና ምን ሠርተሽ ሰጠሽው?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ የቀሩትን ብርጭቆዎች ልታመጣ ወጣች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቴ ዝም ማለቴ ይመስለኝ ነበር። ዓይን አፋር ሰው ነኝ፤ ለዝምታዬ ሁልጊዜ ምክንያት አገኝለታለሁ። ግን ያን ጊዜ ሽሮ መሥራት እችል ነበር። ምስጢሩንም ጠብቄ፣ ቀትር ላይ አንድ ሳህን ይዤ ሄጄ ሣጥኑ ላይ ላስቀምጥለት እችል ነበር። ለዚህ ደግሞ መናገር አያስፈልግም ነበር።