የጋሽ ዋኘው ጆሮ

ባለፈው ክረምት ደባርቅ ገበያ ውስጥ ሳልፍ ዝናብ ያረጠበው የኮርቻ ቆዳ ሽታ አወደኝ። ባለሁበት ቆምኩ። ጋሽ ዋኘው ትዝ አሉኝ።

ጎረቤታችን ነበሩ። የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭነው በሰሜን ተራሮች እስከ ጨነቅ ሰፈር ይወጡ ነበር። ሲመለሱ፣ ጉም የጠጣ ካኪ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው የተራራውን ወፎች አንድ በአንድ በፉጨት ያሰሙናል።

ሕመሙ የጀመራቸው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል። ግራ ጆሯቸው ድፍን ይልና እንደ ወፍጮ ይጮህባቸዋል፤ ወዲያው ምድር ትዞርባቸዋለች። አንድ የገበያ ቀን አጥራችንን ይዘው ሲያስመልሳቸው አላፊ አግዳሚው «በጠዋቱ!» እያለ ሳቀባቸው። መጠጥ የሚባል በአፋቸው አይዞርም ነበር። እናቴ ደግፋ አስገብታ አስተኛቻቸው። ተኝተውም አልጋውን ጨምድደው «ያዙኝ፣ እየወደቅሁ ነው» ይላሉ።

ጠበል ተጠመቁ፤ ቀለል ብሏቸው ከረመና ተመለሰ። ኋላ ጨነቅ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ዞሮባቸው ሲንገዳገዱ ባልንጀራቸው በቀበቷቸው ጎትቶ አተረፋቸው። ያኔ ባለቤታቸው እትዬ አሰፉ ጎንደር ሐኪም ቤት ወሰዷቸው።

«የውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ በዝቶ ነው አሉን» ሲሉ ለእናቴ ነገሯት። «ጨው ይቀንሱ፣ ኪኒኑን አያቋርጡ፣ ገደል አይጠጉ አሏቸው። ይድናሉ ወይ ብል፣ ማዞሩ ይታገሣል፤ የሄደው መስማት ግን ላይመለስ ይችላል አሉኝ።» ይህን ብለው አለቀሱ።

እውነትም ማዞሩ እየራቀ ሄደ። ጆሯቸው ግን ከዓመት ዓመት ደከመ፤ ቀኙም ግራውን ተከተለ። በቅሎዋን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው ደጃፍ ላይ መዋል ጀመሩ። ስንስቅ አፋችንን አይተው ዘግይተው ይስቃሉ። አንድ ቀን እንዲያፏጩልን በምልክት ለመንኳቸው። ከንፈራቸውን አሹለው ሞከሩ፤ የወጣው ግን ባዶ ትንፋሽ ነበር። ከፊታችን ላይ አነበቡት። ከዚያ ወዲያ አፏጭተው አያውቁም።

ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። የዚያን ዕለት ከገበያው ወደ እትዬ አሰፉ ቤት ጎራ አልኩ። ሽሮ አቀረቡልኝ። ስጎርስ አዩኝና ደነገጡ።

«ውይ፣ እኔን! ጨው የለውም እኮ። እሳቸው ብቻቸውን እንዳይበሉ ብዬ የጀመርኩት ነው፤ አሁን ሌላው አይጥመኝም። ላምጣልሽ?»

«አይ፣ ይጥማል» አልኳቸውና እስኪያልቅ በላሁ።