በጆሮ የሚነበብ ኮድ

ምዌንዴ ኪሎንዞ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ የዓይኗ ብርሃን ሲከዳት ፕሮግራም መጻፍ አላቆመችም። ናይሮቢ፣ ንጎንግ መንገድ ላይ ባለው ቢሮ፣ በዚያው በድሮ ወንበሯ፣ የጠፋ ስክሪን ፊት ተቀምጣ ትሠራለች። "ለማን ብዬ ላብራው?" ትላለች። ኮዱን ኮምፒውተሩ በጆሮ ማዳመጫዋ ያነብላታል፤ ያልለመደ ሰው ጆሮውን የንብ ቀፎ ውስጥ የከተተ እስኪመስለው ድረስ በሚጣደፍ ድምፅ።

የራሷን ኮድ መስማት አላስቸገራትም። ጭንቁ የሌሎቹን መስማት ነበር። ቢሮው የሚሠራው ሶፍትዌር የገጠር ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ ሲሞቅ ለነርሷ ስልክ መልእክት ይልካል፤ ምዌንዴ ሳትገመግመው ወደ ሥራ የሚገባ ኮድ አልነበረም። ከሕመም ፈቃድ ስትመለስ ግን ኃላፊዋ ቼሮቲች አልደበቀቻትም።

"ላጣሽ አልፈልግም፣ ምዌንዴ። ግን የልጆቹን ኮድ መገምገም ካቃተሽ ቦታውን ለኦዱዎር እሰጠዋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ እንየው።"

"አንቺ እዪው፤ እኔ እሰማዋለሁ" አለች ምዌንዴ።

ኦዱዎር ከቢሮው ወጣት ፕሮግራመሮች አንዱ ሲሆን ፈጣንና ጎበዝ ነው፤ አህጽሮተ ቃል ግን ይወዳል። ለአንድ ነገር ስም ሲያወጣ ሁለት ሦስቱን አህጽሮት፣ ሁሉንም በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍተት ያጣብቃቸዋል። አንባቢው ማሽን አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ ስለማያውቅ ፊደሎቹን እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ያንጣጣቸዋል። ምዌንዴ አንድ ገጹን ፊደል በፊደል ስትፈታ ረፋዱ ያልፍባታል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጊቴሪያቸውን፣ የበቆሎና የባቄላ ንፍሯቸውን፣ እየበሉ ኦዱዎርን ጀመረችው።

"አንተ ግን ምን ዓይነት የሉዎ ጎሳ ሰው ነህ?"

"ደግሞ ምን አጠፋሁ፣ ማዳም?"

"ወገኖችህ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ መዝገበ ቃላት ያስጨርሳሉ። አንተ ለኮድ አንድ ሙሉ ቃል ትሰስታለህ!"

ቢሮው በሳቅ ተናወጠ። ኦዱዎርም ሳቀ። "ረጅም ስም ጣት ያደክማል።"

"እንግዲያው ጣትህ ይረፍ። ጆሮህን አውሰኝ።"

ማዳመጫውን አጥልቃለት የራሱን ኮድ፣ ፍጥነቱን ቀንሳ፣ ከፈተችለት። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ይሄን ማነው የጻፈው?"

"አንተ። ባለፈው ማክሰኞ።"

"የማቀዝቀዣው መለያ የቱ ጋ ነው?"

"እኔን ነው የምትጠይቀኝ?"

ሥራ እንዲቀነስላት አልጠየቀችም። የጠየቀችው አንድ ደንብ ነበር፦ አህጽሮተ ቃልም እንደ ማንኛውም ቃል ይቆጠር፤ ማሽኑ የቃሉን መነሻ እንዲለይ የመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ትልቅ ይሁን፤ ከቢሮው ውጭ ማንም የማያውቀው አህጽሮት ደግሞ ተዘርዝሮ ይጻፍ። ኦዱዎር "ያስጠላል" ብሎ አጉረመረመ። አጉረመረመ እንጂ፣ በሚቀጥሉት ቀናት አሮጌውን ኮድ ሁሉ እየተከተለ ስሞቹን ቀየረና ለግምገማ ላከላት፤ ቢያቅታት ቦታዋ የእሱ እንደሚሆን እያወቀ።

የወሩ የመጨረሻ ዓርብ ምዌንዴ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ሰማችው። ቼሮቲች ሻይ ይዛ ከወንበሯ ኋላ ቆመች።

"እህ?"

"ጥሩ ሠርቷል። ግን አላሳልፈውም።"

ኦዱዎር ከወንበሩ ተነሣ። "ምኑ ነው የማያልፈው?"

"መልእክቱ የሚላክበት ቦታ ላይ አንድ አሮጌ ስም ቀርቷል። ቃል በቃል ሲፈስ ቆይቶ እዚያች ጋ ሲደርስ ተንጣጣብኝ። በዚያ ስም የሚጠራ ነገር አሁን የለም፤ ማቀዝቀዣው ቢፈላም መልእክቱ ለነርሷ አይደርሳትም።"

የራሱ ስክሪን ላይ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። አገኘው።

"በዓይኔ ደጋግሜ አልፌዋለሁ እኮ" አለ።

ቼሮቲች ሻዩን ምዌንዴ እጅ አጠገብ አስቀመጠችና ወደ ኦዱዎር ዞረች።

"በል አስተካክልና መልሰህ ላክላት። እሷ ሳታሳልፈው ምንም ኮድ ወደ ሥራ አይገባም።"