ስም የታተመበት የሪፈር ጥራዝ

ሥራ የጀመርኩት ቅዳሜ ቀን ነው፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ። ነጩን ሸሚዜን እናቴ ሁለት ጊዜ ተኩሳዋለች። ጆበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር፣ የዶክተር ወይንሸት ክሊኒክ በር ላይ ስደርስ ነርሷ ሲስተር ታንዲ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ለሠርግ ነው ለሥራ?» አለችኝ።

«ለሥራ።»

«እንግዲያው እጅጌሽን ሰብስቢ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እንግዳ ተቀባይና ካርድ አውጪ ሆንኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ያመመውን ለእኔ መንገር ያፍራል፣ ሌላው ሳልጠይቀው ከዳቬይተን እስከዚህ የመጣበትን መንገድ ሁሉ ይተርካል። እኔ ሁለቱንም እየሰማሁ ካርድ አወጣለሁ፣ ፋይል አወርዳለሁ፣ ወደ ሲስተር ታንዲ ሚዛን እልካለሁ።

ሪፈር አሰጣጥ ያስተማረችኝም እሷ ናት። ጥራዙ በዶክተር ጠረጴዛ በስተቀኝ ይቀመጣል። እሳቸው ጽፈው ይፈርማሉ፣ እኔ ማኅተም እመታለሁ። ነጩ ወረቀት ለታካሚው፣ ሮዝ ቅጂው ወደ ፋይሉ። የጥራዙ አናት ላይ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ራንድበርግ ያለ የአንድ ራጅ ቤት ስም በሰማያዊ ታትሟል። ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ ያገራችን ሰው ናቸው፤ ጥራዙን ያሳተሙትም እሳቸው። ሲያልቅ እደውላለሁ፣ አዲስ ጥራዝ ከቸኮሌት ጋር ይልኩልኛል። ቸኮሌቱን በጣም እወደው ነበር። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም።

ጋሽ ደምሴ ክሊኒኩ በተመረቀ ዕለት አልትራሳውንድ ማሽን በሪባን አስረው አምጥተው ነበር። እዚህ ጆበርግ ያገራችን ሰው ሱቅ ሲከፍት ባዶ እጅ አይኬድም። የተቀበለም አይረሳም። አባቴ ሱቁን ሲከፍት ፍሪጅ ካመጡለት ሰውዬ ሌላ፣ እስከ ዛሬ ከማንም ለስላሳ ገዝቶ አያውቅም። ለሱቅ ያምራል። ለሐኪም ግን እንደማይሆን ያወቅነው ዘግይተን ነው።

ያሳወቁን አቶ ነስሩ ናቸው። ካትሌሆንግ ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቅ፣ አላቸው፤ ከመሰላል ወድቀው እጃቸው ተሰብሮ ነበር። አንድ ቅዳሜ ለቀጠሮ ሲመለሱ የተጠቀለለ እጃቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፉትና፣ በአገሬው ሰላምታ ጀምረው፣

«ሳውቦና፣ ዶክተር ትንሿ! እኔ የምልሽ፣ ከሱቄ ወጣ ብሎ ራጅ ቤት አለ። እኔን እጄን ታቅፌ፣ ታክሲ እያቀያየርኩ ራንድበርግ ድረስ የላካችሁኝ ለምንድነው? የራንድበርጉ ራጅ አጥንት አልፎ ነፍስ ያያል?» አሉኝ።

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዶክተር በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም።

ምሳ ሰዓት ላይ ጠሩኝ። «ሂክመት፣ ወደ ሌላ ራጅ ቤት የላክሁት አንድ ሰው ፈልጊልኝ።»

ሳጥን በሳጥን ሮዝ ቅጂ አገላበጥኩ። አንድም አጣሁ። ይህንኑ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደምሴ አንድ ቀን እንኳ ላኪልኝ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ይሉኝታዬ ነው ሲልክለት የኖረው።»

ሐኪም ጥቅም ወደሚያገኝበት ቦታ ታካሚ መላክ አይፈቀድለትም። ጥቅሙ በሪባን ታስሮ የመጣ ማሽንም ቢሆን።

ሰኞ ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ገብቻለሁ። የዶክተር ጠበቃ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ዘንድ ይደርስ ነበር። «ማን ጠየቀሽ? ማሽኑን መልሺና ዝም በይ! ራስሽ ሄደሽ ለሐኪሞች ምክር ቤት ከተናገርሽ ፈቃድሽን ሊነጥቁሽ ይችላሉ!»

«እስከ ቅዳሜ አላስተዋልኩም» አሉት ዶክተር። «ከቅዳሜ ወዲህ ዝም ካልኩ ግን ውሸት ነው።» ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ቀጣዩ ማነው?»

እንዲህ ያለ ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። እኔ ፋይል አወርዳለሁ፣ ሲስተር ታንዲ ታነባለች፣ ዶክተር ለእያንዳንዱ ሪፈር ምክንያቱን ይናገራሉ። አብዛኛው በእርግጥ የሚያስፈልግ ምርመራ ነበር። በዘጠኝ ሪፈሮች ላይ ግን፣ «ለምን እንዳዘዝኩ አላውቅም» አሉና ለዘጠኙም ራሳቸው ደወሉ። «ያ ምርመራ አያስፈልግዎትም ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» አንዲት ሴትዮ ጆሯቸው ላይ ዘጉባቸው። ዶክተር እንደገና ደወሉ።

ጋሽ ደምሴ ተጠርተው መጡ። ማሽኑን መልሰው እንዲወስዱ ሲነገራቸው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ስጦታ ይመለሳል እንዴ፣ ልጄ? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ።

«ጋሼ፣ ለሐኪሞች ምክር ቤት የምልከው ደብዳቤ ላይ ስምዎ አለ። ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።»

«እኔ ክፉ አስቤ ነው?»

«አይደለም። እኔም ክፉ አላሰብኩም። አቶ ነስሩ ግን በተሰበረ እጃቸው ራንድበርግ ሄደዋል።»

ጋሽ ደምሴ ኮፍያቸውን ደፉ። «ማሽኑን የሚወስድ ሰው እልካለሁ» ብለው ወጡ። እኔን ደህና ዋይ እንኳ አላሉኝም። ማሽኑ ሲሄድ ወለሉ ላይ አራት የጎማ ምልክት ቀረ፤ ብንወለውለውም አልለቀቀም።

ደብዳቤው ተላከ። መልስ ስንጠብቅ ወራት አለፉ። ዶክተር ፈቃዳቸውን ከተነጠቁ ክሊኒኩ ይዘጋል። የሚገርመኝ ግን በእነዚያ ወራት አንድ ታካሚ ላይ እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩም።

ፖስታው የመጣ ቀን ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። «አንቺው ክፈቺው፣ እጄ እርጥብ ነው» አሉኝ። እጃቸው ደረቅ ነበር።

ጮክ ብዬ አነበብኩ። ጥፋት ተገኝቷል። ቅጣት አለ። ለአንድ ዓመት ሪፈራቸውን ሁሉ ሌላ ሐኪም ያየዋል። ይሁን እንጂ ሳይጠየቁ በራሳቸው ስላሳወቁ... እዚህ ላይ ቀሪውን በዓይኔ ቀድሜ አነበብኩት።

«ሃይቦ፣ አንብቢያ!» አለች ሲስተር ታንዲ።

«ፈቃዳቸው ይቀጥላል!»

ሲስተር ታንዲ እልልታዋን አቀለጠችው። ዶክተር ከታካሚዎቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ አሉ፤ እዚያ ሲቀመጡ አይቻቸው አላውቅም። ትንሽ ቆዩና ተነሡ። «ቀጣዩ ማነው?»

አሁን የማትሪክ ዓመቴ ስለሆነ ጠረጴዛውን ለአዲሷ ልጅ አስረክቤያለሁ። አዲሱ ጥራዝ አናቱ ላይ ምንም አልታተመበትም። ሳስረክባት እንዲህ አልኳት፦ «ሪፈር ከመስጠትሽ በፊት ታካሚው የት እንደሚኖር ጠይቂ። ቸኮሌት ከላኩልሽ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ ለዶክተር ንገሪያቸው።»