ጨረር የነካው ገብስ

“ካልገደለ ቅደምና ጠጣ!” አሉት ሽማግሌው ጎረቤታችን አባቴን፤ እናቴ የቀዳችላቸውን ጠላ ሳይነኩ ወደ እሱ ገፉት።

አባቴ አንስቶ እስከ አተላው ጨለጠው። “ይኸው። ሞትኩ?”

“ይሄ ወዲያው አይገድልም፤ ቀስ እያለ ነው። ልጅህ አይደል ያስተማረን?”

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ ብቻ አልዞረችም።

ቤታችን ከበቆጂ ወጣ ብሎ ነበር። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ አሰላ ወፍጮ ቤት እየሠራሁ፣ ያገኘሁትን እያነበብኩ ግጥም እጽፍ ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በወዳጅ አገር አንድ የአቶም ኃይል ማመንጫ ተቃጠለ፤ ሬዲዮው በጥቂት ቃላት አለፈው። ሬዲዮው ያለፈውን እኔ ልናገር ተነሣሁ። ስለ ጨረር የምታወራ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ገዛሁ። ጋማ የሚባለው ጨረር ግድግዳ አልፎ እንደሚገባ፣ ደም እንደሚያበላሽ፣ ፅንስ እንደሚጎዳ አነበብኩ። የቀሩትን ገጾች ለማንበብ ትዕግሥት አጣሁ፤ ግጥሙ ቸኩሎብኝ ነበር። መስከረም ላይ በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ቆሜ አሰማሁት፦

ሽታ የለው ጥላ፣ ድምፅ የለው ዱካ፣
እህል መስሎ ገብቶ አጥንት የሚነካ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። እንደዚያ ቀን ተደምጬ አላውቅም። “እህል” የሚለውን ቃል ያስገባሁት ስንኙ እንዲሞላልኝ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ላይ የእርሻ ባለሙያው ማሳችንን ሊያይ መጣ። ያለፈው ዓመት ገብሳችን በቁመቱ ረዝሞ ዝናብና ነፋስ አጋድሞት እዚያው በስብሶ ነበር። አባቴ አጭርና ጠንካራ አገዳ ያለውን አዲስ ዘር የተቀበለው ለዚህ ነው። ባለሙያው ለተሰበሰበው ጎረቤት የዘሩን ነገር ሳይደብቅ፣ እንዲያውም በኩራት ተናገረ፦ ውጭ አገር በጋማ ጨረር ተመትቶ፣ ከሞተው የተረፈው፣ ከተረፈውም የተሻለው እየተመረጠ ለዓመታት ሲዘራ ቆይቶ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲያ በማሳችን ዳር ከብት የሚያሳልፍ ሰው ጠፋ። እኔም ይህን ሰምቼ ነው መጽሐፏን ይዤ ከአሰላ የመጣሁት።

ኅዳር ገብቷል። ገብሱ ደርሶ መርገፍ ጀምሯል፤ ጭላሎ ተራራ ላይ ያለወቅቱ ደመና ተቆልሏል። ደቦ ካልመጣ አባቴና እናቴ ብቻቸውን አያነሡትም። ደቦ ደግሞ ያለ ጠላ አይጠራም፤ ቤት ውስጥ ያለው እህል ከማሳው ጫፍ ቀድሞ የታጨደው ይኸው ገብስ ብቻ ነው። ጎረቤቱን ለደቦ የሚያስወጡት እኚህ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው ከጠጡ ሁሉም ይጠጣል።

“አባባ፣ ተሳስቼ ነው” አልኳቸው ሽማግሌውን። “ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ጎተራ ሲገባ ያበራል? ይሄም እንደዚያ ነው። ጨረሩ ዘሩን ነክቶ አለፈ፣ ውስጡ የቀረ ነገር የለም። ሐኪሞች ክፉ እብጠት የሚያክሙት፣ መርፌ ከጀርም የሚያጸዱት በዚሁ ጨረር ነው። እዚህ መጽሐፍ ላይ አለ።”

“መስከረም ላይ ይሄ ገጽ አልነበረውም?”

“ነበረው። አላነበብኩትም ነበር።”

“ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ባላነበብከው ነው እንቅልፍ የነሣኸን?” ሊስቁ ሞክረው ተዉት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ምራቴ ስድስት ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል። ባሏ እዚህ ውሎ፣ ጠጥቶ፣ ገለባውን በልብሱ ይዞ ይገባል። የቱን ልመን? ያን ቀን ምላስህ እንደ ወንዝ ይፈስ ነበር፤ ዛሬ ትንተባተባለህ።”

እውነታቸውን ነው። ለማስፈራራቱ ግጥም ነበረኝ፤ ለማጽናናቱ የነበረኝ የበርበሬ ምሳሌ ብቻ ነው። ስንት ሌሊት የደከምኩባቸው ሁለት ስንኞች የሰው አእምሮ ውስጥ ገብተው ተቆልፈዋል፤ የጻፍኳቸው እኔ ብሆንም ላወጣቸው አልቻልኩም።

ሽማግሌው ተነሡ። “ይቅር በለኝ ጎረቤቴ” አሉት አባቴን፤ ከልባቸው ነበር። ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር፤ መጀመሪያ አንድ ሁለት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ። እናቴ የጠላውን ማሰሮ እንደያዘች መደቡ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከግድግዳው ማጭድ አወረድኩ።

አባቴ ቀረብ ብሎ ማጭዱን ከእጄ ወሰደው።

“አብሬህ ልጨድ” አልኩ።

“ተወው። አንተ ከነካኸውማ ጭራሽ የሚበላው አይገኝም።”

ጆንያ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ፤ በሩንም ከውጭ ስቦ ዘጋው።